የአንቺ ገና አልወጣችም

ያን ጊዜ ረመዳን በማንጎ ወር ይገባ ነበር። ጾሙ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ወደ ኋላ እየሸሸ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል፤ በብርድም ጾመናል፣ በአበባም ጾመናል። እኔ ግን «ረመዳን» ሲባል ትዝ የሚለኝ ያ የንዳድ ዘመን ነው። ከቀትር በኋላ ከተማችን ሙልታን እንደ ዳቦ ምድጃ ትግላለች። ውሻው ከቦዩ አይወጣም። ወንዶቹ እርጥብ ጨርቅ ፊታቸው ላይ ጥለው የገመድ አልጋ ላይ ይዘረራሉ። ምላስ ከትናጋ ይጣበቃል። ሰው ሁሉ የመግሪብን አዛን እያሰበ ዝም ባለበት በዚያ ሰዓት በሰፈራችን አንድ ሽታ ይነሳል። የምግብ ሽታ አይደለም። እሳት ላይ የሚንተከተክ የዱቄት ሙጫ ነው። ያኔ እናቶች ከየጓዳቸው ልጆቻቸውን ይጣራሉ፦ «ያን ካርቶን ደብቁ! ቁድሲያ አፓ ጀምራለች!»

ሰው ተሰብስቦ በሚኖርበት ሰፈር ሁሉ እጇ አርፎ የማይቀመጥ አንዲት ሴት አለች። ምንም አትገዛም፣ ምንም አትጥልም፣ ለሁሉም ትሰጣለች። ለእሷ ወዳጅ ማለት አንድ ቀን ሰላምታዋን የመለሰ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ማምለጫ የለም፤ በዓል በመጣ ቁጥር በእጇ የሠራችውን ካርድና ትንሽ ስጦታ ይዛ በርህ ላይ ትቆማለች። በሰፈራችን እንዲህ ያለች ሴት የለችም የምትሉ ካላችሁ ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ። ምናልባት እናንተው ትሆናላችሁ።

የእኛዋ ክብርት ቁድሲያ አፓ ነበረች፤ የመቀስና የሙጫ እመቤት፣ የብልጭልጭ ሁሉ ባለአደራ። አፓ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ እሷን ግን በዕድሜ የሚበልጧት አሮጊቶች እንኳ አፓ ይሏት ነበር። ባሏ ጋዘንፈር የምድር ባቡር ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው። ዝም ያለው ወዶ ሳይሆን አፉን በከፈተ ቁጥር «እስኪ ይህን ክር በጥርስህ ያዝልኝ» ስለምትለው ነው ይባላል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ልጄ ታቢሽ ሰገነታችን ላይ ክፍል ልሥራ ብሎ ስለተነሳና እኔ እንቢ ስላልኩት ነው። ሰው እንቢ ያለበትን ምክንያት ካልተናገረ ጃጀች ይባላል። ምክንያቴ ቁድሲያ አፓ ናት።

የሻይ ቅጠል የሚመጣበት ሳጥን ያኔ ውስጡ በብር ወረቀት የተለበጠ ነበር። ለሌላው ሰው ወረቀት ነው፤ ለእሷ ማዕድን ነበር። ባለሱቁ አዲስ ሳጥን ከፈተ የሚል ወሬ ከሰማች ሻርፗ ራሷ ላይ ሳይደላደል ከቤት ትወጣለች። «ወንድሜ፣ ሻዩን ለሰው ሽጥ፤ ቆዳውን ለእኔ ተውልኝ» ትለዋለች። የተሰበረ የብርጭቆ አምባር፣ የሠርግ መጥሪያ፣ የክኒን ልጣጭ፣ የክብሪት ቀፎ፣ ሁሉም ወደ እሷ ይጓዛል። አንድ ነገር ልትጥል እጅህን ስታነሳ ከግድግዳው ማዶ ድምፅዋ ይመጣል፦

«አትጣሉት፣ ይሆናል!»

«ምን ይሆናል፣ አፓ?»

«እሱ ራሱ ይነግረኛል።»

የጎረቤታችን የሚስባህ ወንድም ያገባ ዕለት ሙሽራው ፊቱ በወርቃማ የብልጭልጭ ክር ተጋርዶ፣ ፈረስ ላይ ሆኖ በሰፈራችን ገባ። ከበሮው ይመታል፣ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። ቁድሲያ አፓ በሰው መሐል ተሽሎክልካ ከፈረሱ አንገት ሥር ደረሰች። ሰው ልትመርቀው መስሎት ቦታ ለቀቀላት።

«የእኔ ጌታ» አለችው ቀና ብላ፣ «አላህ ትዳርህን ያጽናልህ። ያ ፊትህ ላይ ያለው ነገር፣ ነገ አታደርገውም አይደል?»

ሙሽራው ከብልጭልጩ ጀርባ ሆኖ «አፓ፣ እኔ ገና ሙሽሪትን አላየኋትም እኮ!» አለ።

«እሷን እያት። እሱን ግን እንዳትጥለው። ይሆናል!»

ለቅሶ ቤት እንኳ አትመለስም ነበር። አንድ ጊዜ አባቷ የሞቱባትን ሴት ልናጽናና ሄደን፣ ለእንግዳ የቀረበው ቴምር በካርቶን ነው የመጣው፤ ክዳኑ ላይ ቀይ ግመል ተስሎበታል። ቁድሲያ አፓ ግመሉን አየችው። ዓይኗን መለሰች። «አስተግፊሩላህ» አለችና መቁጠሪያዋን ጨበጠች። ደግሞ አየችው። ሀዘንተኛዋ እንባዋን ሳትጠርግ ክዳኑን ገንጥላ ጉልበቷ ላይ አኖረችላት።

«ውሰጂው አፓ። ዓይንሽ እዚያ ላይ ሆኖ ልብሽ ለአባቴ ዱዓ አያደርግም።»

የሚስባህ አውራ ዶሮ ነገርስ! ያ ዶሮ ጅራቱ ወደ አረንጓዴ የሚያበራ፣ ሰፈሩን በደረቱ የሚገፋ ኩሩ ነበር። ወደ ኢድ አካባቢ አንድ ቀን ጅራቱ ሳስቶ፣ የተዋረደ ባለሥልጣን መስሎ ከእንጨት ክምር ሥር ተገኘ። ሚስባህ ወገቧን ይዛ በር ላይ ቆመች።

«አፓ፣ የዶሮዬ ጅራት የት ሄደ?»

«እኔ ወድቆ ነው ያገኘሁት።»

«ላባው ነው መሬት ላይ የወደቀው ወይስ ዶሮው ነው እጅሽ ላይ የወደቀው?»

በዚያ ዓመት ለሚስባህ የመጣላት ካርድ ላይ ጣዎስ ነበረ፤ ጅራቱን የዘረጋ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያበራ። «ይኸው፣ በክብር መለስኩልሽ» አለቻት። ሚስባህ ልትሳደብ አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። ዶሮው ግን ይቅር አላለም፤ እስኪታረድ ድረስ እሷን ሲያይ ግድግዳ ይወጣ ነበር።

ከካርዱ ጋር ሁልጊዜ ትንሽ ስጦታ አለች፤ የማትጠቅም፣ ግን የማትጣል። የመርፌ መሰኪያ፣ ከክብሪት ቀፎ የተሠራ የጌጥ መሳቢያ፣ ዶቃ የተሰፋበት የቁልፍ ማንጠልጠያ። የባለቤቴ እናት አማ ጂ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ምላሳቸው ከምላጭ የሰላ ሴት ነበሩ። አንድ ኢድ ላይ የመነጽር ቤት ሰጠቻቸው፤ ከጥልፍ ጨርቅ የተሰፋ፣ ቁልፉ የአምባር ስባሪ የሆነ።

«አንቺ ሴት፣ እኔ መነጽር የለኝም እኮ!»

«ይመጣል አማ ጂ። ቤቱ ቀደመ እንጂ።»

አማ ጂ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ጥቂት ቆይቶ በስኳር ፈንታ ሻያቸው ውስጥ ጨው ጨመሩ፤ ከዚያ ከደረጃ ስተው ሊወድቁ ነበር፤ መነጽር ታዘዘ። መነጽሩ ቤቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ገባ። እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ «ዓይኔን ያደከመችው ያቺ ናት። ቤት ሠርታ ጠራችብኝ» ይሉ ነበር። ያለ እሱ ቤት ግን መነጽራቸውን የትም አያኖሩም፤ ሲሞቱም ያ ነገር ትራሳቸው ሥር ተገኘ።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ።

ደንቡ እንዲህ ነበር። ለኢድ ወዳጅ ለወዳጅ ካርድ ይልካል። ካርድ ተቀብሎ ዝም ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ይታማል። እንደ ሚስባህ ያሉት ከገበያ ይገዙ ነበር፤ ጽጌረዳ ያለበት፣ መስጊድ ያለበት፣ ዓይኗን የተኳለች ተዋናይት ያለችበት። ቁድሲያ አፓ ግን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ትሠራለች፤ ለከብት ወዳዱ በሬ፣ ለቁጡው በርበሬ። ሁሉም ካርድ ላይ ግን ከላይ በኩል አንዲት ጨረቃ አለች፤ ከሻይ ሳጥኑ ብር የተቆረጠች፣ እንደ ጥፍር ቁራጭ የቀጠነች፣ የኢድ ጨረቃ። የእጇ ማኅተም ያቺ ነበረች።

ሙሽራ ሆኜ ከወንዝ ዳር መንደር በገባሁበት ዓመት በዚህ ሰፈር ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። «የአማ ጂ ምራት» ነበር የምባለው። ቁድሲያ አፓ ቅርጫቷን ራሷ ላይ አድርጋ ካርድ ስታድል መጣችና የእኔን ሰጠችኝ። ጀርባው ላይ «ለረኢሳ» ይላል። ስሜን ከማን እንደሰማች እንጃ። ከፈትኩት። ሰገነት ተሠርቶበታል፣ የውኃ እንስራ አለ፣ የመስጊዱ ሚናራ አለ፣ የሚስባህ የርግብ ቤት አለ፣ ከላይ የጠራ ሰማያዊ ሰማይ። ጨረቃ የለም።

አማ ጂ በትከሻዬ ላይ ተንጠራርተው አዩ። «ኢድ ያለ ጨረቃ! ለሁሉ ለጥፋ ለጥፋ ለአንቺ ስትደርስ ብሩ አለቀባት» አሉና ሳቁ። አዲስ ሰው መሆን እንዲህ ነው፤ የተረሳ ወረቀት እንኳ የተፈረደብህ ይመስልሃል። ጓዳ ገብቼ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ፤ ለቅሶዬ ሰበብ እንዲኖረው።

ዕለቱ የጾሙ ሃያ ዘጠነኛ ነበር፤ ጨረቃ ከታየች ነገ ኢድ ነው፣ ካልታየች ደግሞ አንድ ቀን ይጾማል። ፀሐይ ልትገባ ስትል እኔ ሰገነቱን ውኃ እየረጨሁ ሳለ ደረጃው ላይ ኮቴ ተሰማ። ቁድሲያ አፓ ናት። በአንድ እጇ ወረቀት የተከደነ ሲኒ ይዛለች፤ ሙጫ። ሻርፗ ጠርዝ ላይ ደግሞ አንዲት የብር ጨረቃ በመርፌ ቁልፍ ተሰክታለች።

«ማን ጠራሽ?» አሉ አማ ጂ ከታች።

«ጨረቃዋ ናት የጠራችኝ!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ካርድሽን አምጪ።»

«ካርዴ ጨረቃ የለውም» አልኳት፤ ኩርፊያዬን ልደብቅ ብዬ አቃተኝ።

«የአንቺ ገና አልወጣችም እኮ» አለች።

አዛኑ ተሰማ። በቴምርና በውኃ አፈጠርን። ከዚያ ሁለታችንም የሰገነቱን ጠርዝ ይዘን ወደ ምዕራብ ማየት ጀመርን። ሰፈሩ ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቷል። ሰማዩ መጀመሪያ ማንጎ መሰለ፣ ቀጥሎ የማንጎ ልጣጭ። ያየኋት እኔ ነኝ። «ያቻት!» ብዬ ጮህኩ፤ በዚያ ሰፈር ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁድሲያ አፓ ዓይኗን አጥብባ አየች፣ ጣቷን ሙጫው ውስጥ ነከረች፣ ጨረቃዋን ከሻርፗ ነቅላ ካርዱ ላይ ልክ ሰማይ ላይ በታየችበት ቦታ ለጠፈቻት፤ ከሚናራው በስተግራ፣ ወደ ርግብ ቤቱ ዘንበል ብላ።

«አሁን እውነተኛ ሆነ» አለች።

«ለሌሎቹ ለምን አስቀድመሽ ለጠፍሽ ታዲያ?»

«ቁጭ ብዬ ስንት ያላየሁትን ጨረቃ ለጠፍኩ! አንዷን እንኳ አይቼ ልለጥፍ ብዬ ነው። ከእኔ ቤት ምዕራቡ አይታይም፤ የአንቺ ሰገነት ግን ክፍት ነው።»

ስለ ሰገነቱ ነው ስትለኝ አመንኳት።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። ለሰፈሩ ያለቀለት ካርድ ታድላለች፤ የእኔ ግን ጨረቃ ሳይኖረው ይመጣል፤ ሃያ ዘጠነኛው ቀን ሲመሽ ሲኒዋንና መርፌ ቁልፏን ይዛ ደረጃችንን ትወጣለች። በየካርዱ የጨረቃዋ ቦታ የተለያየ ነው፤ አንዴ ከሚናራው በላይ፣ አንዴ ከውኃ ገንዳው አጠገብ። ልጆች ወለድን፣ ልጆች ታመሙብን፣ ተጣልተንም እናውቃለን። አንድ ዓመት በመስፊያ መኪና ዘይት ሰበብ ሳንነጋገር ከርመን፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ዝም ብላ ወጣች፣ ዝም ብለን ቆምን፣ ለጠፈች፣ «ከሚናራው ራቅ ብላለች ዘንድሮ» አለች፤ ታረቅን።

አንድ ዓመት ግን አቧራ ተነሳ። የሙልታንን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰማይና ምድሩ አንድ ዓይነት ቡኒ ይሆናል። አፍጥረን ብንጠብቅ፣ ጨረቃ ይቅርና ሚናራው ራሱ የለም። ከታች ሬዲዮኑ ጨረቃ በሌላ ከተማ ታይታለችና ነገ ኢድ ነው አለ። ሰፈሩ ፈነዳ። ልጆች ጮኹ፤ ሚስባህ ለኢድ በወተት የሚቀቀለውን ቀጭን ፓስታ ጣደች፤ ሴቶች ሂና ሊቀቡ ተሯሯጡ። ቁድሲያ አፓ ሲኒዋን ይዛ እንደቆመች ናት።

«አፓ፣ ለጥፊያት እንጂ። ታይታለች እኮ።»

«ሬዲዮው አይቶ ይሆናል። እኔ አላየሁም።»

ጋዘንፈር ከታች ከመንገዱ ተጣራ፤ በሕይወቱ ረጅሙን ንግግር ያደረገው ያኔ ነው። «አንቺ ሴት! ውረጂ! አገር ሁሉ ጨረቃ አየሁ እያለ ከአገር ልትበልጪ ነው?»

«አገር ያየውን አገር ይለጥፍ!»

«ነገ ልትጾሚ ነው በኢድ ቀን?»

«ጾሙን እፈታለሁ። ሙጫውን አልፈታም!»

ሰፈሩ እስኪደክመው ሳቀ። እሷ ግን ጨረቃዋን ሻርፗ ላይ እንደሰካች ኢድን ዋለች፤ በአዲስ ልብሷ ላይ። ሲመሽ አቧራው ተኝቶ ነበርና መጣች። ወጣን። ጨረቃዋ ቁልጭ ብላ ታየች፤ ግን የሁለት ቀን ጨረቃ ናት፣ ወፈር ብላለች። ቁድሲያ አፓ የሰካቻትን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። «ይህቺማ አድጋለች» ብላ ቤቷ ተመልሳ ወፍራም ቆርጣ መጣች። ያን ካርድ እስከ ዛሬ ሰው ሲያየው «ይህ የኢድ ጨረቃ አይደለም፣ ተሳስታለች» ይላል። ከካርዶቼ ሁሉ ሐቀኛው እሱ ነው።

ዓመታት እንዲህ እያሉ ሄዱ፤ ረመዳንም ከሙቀቱ ወደ ብርዱ ሸሸ። አማ ጂ ሞቱ፣ የእኔውም ሰውዬ ተከተላቸው። ጋዘንፈር ጡረታ ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ እንደ ልማዱ ድምፅ ሳያሰማ አረፈ። ትልቁ ልጇ እናቱን ሊወስድ ከካራቺ መጣ። የዕረፍት ፈቃዱ የሚያልቀው በጾሙ ሃያ ዘጠነኛ ቀን ነው፤ ባቡሩ ደግሞ ከቀትር በኋላ ይነሳል። ኢድን እንኳ ከእኛ ጋር ታሳልፍ ብለን ለመንነው። «ሥራዬ አይጠብቀኝም፣ ካላ» አለኝ፤ እኔን እንደ አክስቱ ነው የሚጠራኝ። መልካም ልጅ ነው፤ በእሱ አይፈረድም።

ሰፈሩ ዕቃ ልናስር ቤቷ ተሰበሰብን። ወደ ሰገነቷ የሚያወጣው ደረጃ ከላይ እስከ ታች ካርቶን ነው፤ ሰው አያሳልፍም ነበር፣ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የማውቀው። ልጁ ክምሩን አይቶ ራሱን ያዘ።

«እማዬ! ይህን ሁሉ የት ልናደርገው ነው? አራተኛ ፎቅ ነው እኮ የምንኖረው። ይጣል!»

ማንም ማንንም ሳያይ፣ ሴቱም ልጁም፣ ሚስባህ ሳትቀር፣ ሁላችንም በአንድ አፍ፦ «አትጣሉት፣ ይሆናል!»

ቁድሲያ አፓ ሳቀች። ከዚያ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየም። እያንዳንዳችን አንዳንድ ካርቶን ተሸክመን ወደየቤታችን ወሰድን። ዕድሜዋን ሙሉ ከየቤቱ የለቀመችው ወደየቤቱ ተመለሰ።

ደረጃው ባዶ ሲሆን የተረሳ ነገር እንዳይኖር ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ስንት ዘመን ጎረቤት ሆነን ሰገነቷን ረግጬው አላውቅም። ወጣሁና ወደ ምዕራብ ዞርኩ።

ሚናራው አለ። ርግብ ቤቱ አለ። ከእነሱ ወዲያ ደግሞ የቴምር ዛፎቹ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ ከሐዲዱም ወዲያ ሰማዩ መሬት እስኪነካ ድረስ ክፍት። ከእኔ ሰገነት የሚታየው ምዕራብ የዚህ ግማሽ አይሆንም።

ወረድኩ። ትልቁን ሻንጣ እየዘጋች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ላይ ወጣሽ?»

«ወጣሁ።»

«አየሽ?»

«አየሁ፣ አፓ።»

«ብርድ ነው እኮ ላይ» አለች፤ መልሳ ወደ ሻንጣው አጎነበሰች። «ጉንፋን ይይዝሻል።»

ባቡር ጣቢያ የሸኘናት ብዙ ነን። ከመሳፈሯ በፊት ካርዴን ሰጠችኝ፤ የሰገነቴ ሥዕል፣ እንስራው፣ ሚናራው፣ ሰማያዊው ሰማይ። ጨረቃዋ እንደ ሁልጊዜው ሻርፗ ላይ ተሰክታለች።

«ስጪኝ» አልኳት። «ማታ ወጥቼ አይቼ እኔው እለጥፋታለሁ። ቦታዋን አላስትም።»

እጇን መርፌ ቁልፏ ላይ አደረገች። «አልሰጥሽም።»

«ለምን?»

«ከሰጠሁሽ እኮ አለቀ።»

«ምኑ ነው የሚያልቀው?»

«ካርዱ ነዋ» አለች፤ ባቡሩ ላይ ወጣች።

ያን ምሽት ብቻዬን ወጣሁ። ጨረቃዋ ታየች፤ ቀጭን፣ ከሚናራው በስተቀኝ። ሰማይ ላይ በነበረችበት ቦታ ልክ ካርዱ ላይ በእርሳስ ነጥብ አደረግኩ፤ ስትመጣ የት እንደምትለጥፍ እንዳትቸገር። በሚቀጥለውም ዓመት አልመጣችም፤ ሌላ ነጥብ አደረግኩ። አሁን ሰማዩ በነጥብ ተሞልቷል። የማያውቅ ሰው ሲያየው ኮከብ የተሣለበት ይመስለዋል።

በስልክ እንገናኝ ነበር፤ ጆሮዋ እሺ ባለበት ዘመን።

«አፓ፣ ጨረቃዬስ?»

«አለች!»

«በፖስታ ላኪልኝ በቃ!»

«ፖስታ ቤት ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ጨረቃ አይቶ የሚያውቀው? ሰገነትሽን ጠብቂ አንቺ!»

ይኸው እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ኢድ ሲሆን የልጅ ልጄ ዙኔራ ስልኳን ትነካና አንዲቱን ሥዕል ላገር ሁሉ ትበትናለች፤ የእኔም ያው፣ የዳቦ ጋጋሪውም ያው። «ዳዲ፣ ደረሰሽ?» ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። «ደረሰኝ» እላለሁ፤ ምን እላለሁ። አምና ያን ጨረቃ የሌለውን ካርድ ግድግዳው ላይ ስታይ አዘነችልኝ።

«ዳዲ፣ ከቸኮሌት ወረቀት ጨረቃ ቆርጬ ልለጥፍልሽ?»

«እጅሽን ሰብስቢ!»

ደነገጠች ልጄ። ወረቀቱን ጨምድዳ ወደ ቆሻሻው ልትወረውር ስትል ደግሞ አንድ ድምፅ «አትጣይው፣ ይሆናል!» ብሎ ጮኸ። ቁድሲያ አፓ የመጣች መስሎኝ ዞርኩ። የጮኸው የእኔው አፍ ነው። ሳጥኔን ብትከፍቱት ጉድ ነው፤ እኔ ስንቱን ዘመን በእሷ ስስቅ ኖሬ።

ታቢሽ ታዲያ ልጁን ሊድር ነውና ክፍል ይፈልጋል።

«እማዬ፣ ሰገነቱ እኮ ባዶውን ነው የተቀመጠው።»

«ባዶ አይደለም። ተይዟል።»

«በማን?»

«በቁድሲያ አፓ።»

«እማዬ! ቁድሲያ አፓ እኮ ደረጃ መውጣት አትችልም አሁን። ካራቺ ናት!»

«ባቡር አለ አይደል? ደረጃውን ደግሞ አንተ ታዝላታለህ። በልጅነትህ የሠራችልህን የወረቀት ካይት ስታበር የኖርከው እዚያው ሰገነት ላይ ነው።»

ሲጨቃጨቁኝ ሰነበቱ፤ ምራቴም መጣች፣ ግንበኛውም መጣ። በመጨረሻ ክፍሉ በምሥራቅ በኩል ጠበብ ብሎ ይሠራ ተባለ። ግንበኛው አሁንም ያጉረመርማል፤ በሩ በዚህ ቢሆን፣ ነፋሱ በዚያ ቢገባ፣ እንዲህ ያለ ሥራ አይቶም አያውቅም። ይሁን። የምዕራቡን ጠርዝ አንድ ጡብ አልነካውም። ለሙጫዋ ያዘጋጀሁት ሲኒም እዚያው ተደፍቶ ተቀምጧል።

ስለ እሷ የመጨረሻውን ወሬ ያመጣችልኝ የሚስባህ ልጅ ናት፤ ካራቺ ለሕክምና ሄዳ ቤቷ ገብታ አይታታለች። ቁድሲያ አፓ ናዚማባድ በሚባለው ሰፈር፣ በትልቁ ልጇ ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ጆሮዋ ደክሟል፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መቀስ አይሰጧትም። ሻርፗ ጠርዝ ላይ አንዲት የዛገች መርፌ ቁልፍ አለች፤ ምራቷ ልታወልቅላት ስትል እጇን ትመታታለች አሉ። ቀኑን በረንዳ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። በረንዳው የሚያየው ወደ ምሥራቅ ነው።